አቧራው ይውረድ፣ ዕድሜው ይቆይ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ቤት ዕቃ ነው፤ በተለይም ከጣሪያ ስለሚንጠለጠለው ባለክሪስታል መብራት፣ ስለ ቻንደሊየር አያያዝ፣ እንዲሁም በቆዩ ዕቃዎች ቤትን ስለ ማስዋብ። በዓል ሲቃረብ በየቤታችን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጋረጃው ይወርዳል፣ ምንጣፉ ይራገፋል፣ ናሱ በሎሚና በአመድ ይፈተጋል፣ ቡፌው ቫርኒሽ ይደገምለታል፣ መብራቱም ላይ የመስታወት ማጽጃ ይረጫል። ይህ ሁሉ ልፋት ለቤትና ለእንግዳ ክብር ሲባል የሚደረግ ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ከአያት የተወረሰ፣ ከድሮ ቤት የተረፈ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የተገዛ ነገር ሲበላሽ መንስኤው ብዙ ጊዜ ዕድሜው አይደለም። ያበላሸው አዲስ ለማስመሰል የተደረገበት ፍትጊያ ነው። ቆሻሻን ማስወገድና ዕድሜን ማስወገድ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዕቃውን ያኖረዋል፣ ሁለተኛው ይገድለዋል። ይህን አባባል በማስረጃ ማስደገፍ ይቻላል፤ የሚነሡበት ተቃውሞዎችም ስላሉ እነሱንም እናያለን።

ከቻንደሊየር እንጀምር። ቻንደሊየር በራሱ ብርሃን አይፈጥርም፤ ያገኘውን ብርሃን ተቀብሎ ይበትናል እንጂ። የተፈለገውም ሻማ ውድ፣ ብርሃኑም ደካማ በነበረበት ዘመን ከጥቂት ሻማ ብዙ ብርሃን ለማግኘት ነው። የቬኒስ መንግሥት የእሳት አደጋ ፈርቶ የመስታወት ምድጃዎቹን እ.ኤ.አ. በ1291 ወደ ሙራኖ ደሴት ካዛወረ በኋላ፣ ደሴቲቱ የመስታወት ጥበብ መዲና ሆነች፤ በአበባና በቅጠል መልክ የተጠማዘዙ ቻንደሊየሮቿም ለዘመናት የባለጸጎች ቤት ጌጥ ሆነው ኖረዋል። ብዙዎቻችን የምናውቀው፣ ፊቱ በየማዕዘኑ የተቆረጠ ክሪስታል የሚንጠለጠልበት ዓይነት ግን በሌላ መንገድ የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ራቨንስክሮፍት እ.ኤ.አ. በ1674 የባለቤትነት መብት አውጥቶ ያዳበረው መስታወት የእርሳስ ኦክሳይድ የተጨመረበት ነበር። እርሳስ ያለበት መስታወት ከተራው ይከብዳል፣ ለመቁረጥም ይለሰልሳል፣ ብርሃንንም የበለጠ ያጥፋል፤ ስለዚህ አንዱን ነጭ ብርሃን ወደ ቀስተ ደመና ቀለማት ይከፋፍለዋል። በኋላ የቦሄሚያ፣ የዛሬዋ ቼክ፣ ባለሙያዎች በዚህ ሙያ ስም አተረፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1764 የተመሠረተው የፈረንሳዩ ባካራም እንዲሁ። በአውሮፓ ሕግ አንድ ዕቃ የእርሳስ ክሪስታል ለመባል ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይገባል።

አሁን አንዷን ጠብታ ክሪስታል ነጥለን በዓይነ ሕሊናችን እንያት። ፊቷ በብዙ ማዕዘን ተቆርጧል፤ ጫፏ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ውስጥ ቀጭን የናስ ሽቦ አልፎ፣ ተጠማዝዞ፣ ከሚቀጥለው ክሪስታል ጋር ያያይዛታል። በፊቷ የገባው ብርሃን ሁሉ በጀርባዋ በኩል አይወጣም፤ የኋላዋ ገጽ ከፊሉን እንደ መስተዋት ከውስጥ ይመልሰዋል፣ በሌላ ማዕዘን ያወጣዋል። ጀርባዋ ላይ ቅባትና አቧራ ሲለጠፍ ግን ተመልሶ መውጣት የነበረበት ብርሃን ቆሻሻው ላይ ይቀራል። ፊት ለፊት የሚታየውን ብቻ የሚወለውል ሰው ደክሞ የማይደሰተው ለዚህ ነው፤ ክሪስታል የሚጸዳው ዙሪያውን ነው። ሁለተኛው ቁም ነገር ሽቦው ነው። መቶ ጠብታ ያለው ቻንደሊየር ቢያንስ መቶ የናስ ሽቦ አለው፤ የዕቃው ሕይወትም በክሪስታሉ ሳይሆን ዓይን በማያርፍባቸው በእነዚህ ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ የተንጠለጠለ ነው። ክሪስታል ዘመናትን ይሻገራል፤ ሽቦው ከተሰበረ ግን ጠብታዋ ወለሉ ላይ ናት።

በእኛ አገር ቤት ውስጥ የሚለጠፈው ቆሻሻ ደግሞ ከሌላው ዓለም ትንሽ ይለያል። በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ስለ ሲጋራ ጢስና ስለ ማዕድ ቤት ቅባት ያወራሉ። እኛ ጋ ዕጣን አለ፣ ከሰል አለ፣ ቡና ይቆላል። ዕጣን የዛፍ ሙጫ ነው፤ ፍም ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ይነዳል፣ ከፊሉ ተንኖ ከሞቀው አየር ጋር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካም መልሶ ይረጋል። በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ ከፍ ብሎ የተሰቀለው ቀዝቃዛ ነገር ክሪስታሉ ነው። በዚህ ምክንያት የሚሠራው ስስ ሽፋን ተጣባቂ ስለሆነ አቧራውን ይይዘዋል፤ የደረቀ ጨርቅም አያነሣውም። ጧፍና ዕጣን በየዕለቱ በሚነድባቸው አብያተ ክርስቲያናት የተሰቀሉት ቻንደሊየሮች ቶሎ የሚጨልሙትም በዚሁ ነው። ታዲያ ዕጣን ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ዕጣን የሌለበት የቡና ሥርዓት የቤቱን ግማሽ ሕይወት እንዳጣ እንቆጥረዋለን። ረከቦቱን ከመብራቱ ሥር ፈንጠር አድርጎ መዘርጋት፣ መስኮት ገርበብ ማድረግ፣ በየሳምንቱም ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል። ይህ ከተደረገ ሙሉ ጽዳት በዓመት አንዴ፣ ጢስ በሚበዛበት ቤት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው።

ወደ ዋናው ጥፋት እንምጣ። ብዙ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ የመስኮት መስታወት ማጽጃ ክሪስታሉ ላይ ይረጭና በራሱ ተንጠባጥቦ እንዲደርቅ ይተወዋል። ብዙዎቹ የመስታወት ማጽጃዎች አሞኒያ አለባቸው፤ አሞኒያና ናስ ደግሞ አይስማሙም። ለዚህ የታወቀ ታሪካዊ ማስረጃ አለ። የብሪታኒያ ጦር በቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ ውስጥ የናስ ቀለህ ያላቸውን ጥይቶች በዝናቡ ወራት በፈረስ ጋጣ ያከማች ነበር። ክረምቱ አልፎ ሲወጡ ብዙዎቹ ቀለሆች ማንም ሳይነካቸው ተሰንጥቀው ተገኙ። ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተሙት ሥራ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ ከእርጥበትና ናሱ ሲሠራ በውስጡ ከቀረው ውጥረት ጋር ተዳምሮ እንደሰነጠቀው አስረዱ። የቻንደሊየራችን ሽቦ ደግሞ ምንድን ነው? ተጠማዝዞ የተወጠረ፣ ክብደት የተሸከመ ናስ ነው። አንድ ቀን ስለተረጨበት አይበጠስም። በየበዓሉ፣ በየዓመቱ ሲደጋገም ግን ፈሳሹ የክሪስታሉ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሽቦው ይጠቁራል፣ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ይሰነጠቃል። ጠብታዋ አንድ ሌሊት ስትወድቅ ሰው ዕድሜ ነው ይላል። ዕድሜው አይደለም፤ ማጽጃው ነው።

ትክክለኛው አሠራር ከዚህ የበለጠ ወጪ የለውም፤ የሚፈልገው ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ መብራቱ ይጥፋ፣ አምፖሉም ይቀዝቅዝ። በግድግዳው ማብሪያ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሽቦው በተሳሳተ መንገድ የተዘረጋበት ቤት ውስጥ ማብሪያው ተዘግቶም ኤሌክትሪክ መብራቱ ጋ ሊደርስ ይችላል። ቆጣሪው ዘንድ ያለው ብሬከር ይውረድ። ከሥሩ ወፍራም ብርድ ልብስ ይነጠፍ፤ የወደቀች ጠብታ የምትድነው በእሱ ነው። ከዚያ ሦስት እጅ የተጣራ ውሃና አንድ እጅ አልኮል ቀላቅሎ ማዘጋጀት ነው፤ በሌላ አነጋገር ለሦስት ኩባያ ውሃ አንድ ኩባያ አልኮል። ውሃው ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ይሁን፤ ሲገዛም አሲድ የሌለበት መሆኑ ይረጋገጥ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ የጨው ነጠብጣብ ይተዋልና። አልኮል ተቀጣጣይ ነው፤ በአጠገቡ ከሰልም ሻማም አይኑር። በሁለት እጅ ነጭ የጥጥ ጓንት ይጠለቃል፤ የአንዱ ጣቶች በፈሳሹ ይረጥባሉ፣ ሌላው ደረቅ ይሆናል። ጠብታዋን በእርጥቡ ዙሪያዋን መዳበስ፣ ወዲያው በደረቁ መጥረግ፣ ወደሚቀጥለው ማለፍ። ፈሳሹ ጓንቱ ላይ እንጂ ክሪስታሉ ላይ አይረጭም። ምክንያቱ ሽቦው ብቻ አይደለም። ከሥር ያለው ጠረጴዛ ጎማላካ የሚባለውን የእንጨት ቅብ የተቀባ ከሆነ አልኮል ጎማላካን ያሟሟል፤ ከመብራቱ የተንጠባጠበው እያንዳንዱ ነጠብጣብ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ክብ ጠባሳ ትቶ ይቀራል።

አንድ ስህተት አለ፣ ደግመን ልንለው የሚገባ። ቻንደሊየሩን ለማጽዳት በተመቸን አቅጣጫ አናሽከርክረው። ብዙዎቹ በመሐል ዘንጋቸው ላይ በጥርስ የተጠመዘዙ ናቸው፤ ሲዞሩ እየተፈቱ ይሄዳሉ፣ አንድ ቀንም ሙሉ በሙሉ ይወርዳሉ። የምንዞረው እኛ ነን፣ መሰላላችንን ይዘን። ክሪስታሎቹን ማውረድ ካስፈለገ ደግሞ ከማውረዳችን በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ እናንሣ፣ ከየደረጃው የወረዱትንም ለየብቻ እናስቀምጥ። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥና ሙቅ ውሃ ውስጥ መክተት የለም፤ ክሪስታል ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ይሰነጥቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። አሮጌውን እንዳለ ተዉት ካላችሁ፣ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦስ? ቤት የሚያቃጥለው እሱ አይደለም ወይ? ትክክል ነው፤ በዚህ ነጥብ ምንም ድርድር የለም። በድሮ መብራቶች ውስጥ ያለው በጎማና በጨርቅ የተሸፈነ ሽቦ ከጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ ይፈረካከሳል፤ ባለሙያ ጠርቶ ማስለወጥ ግዴታ ነው፤ ብረቱም ኧርዝ ከሚባለው የመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ። ማንጠልጠያውም እንዲሁ። ክሪስታል ከባድ ነው፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ቻንደሊየር ብርቅ አይደለም። ይህን የሚሸከመው ሶሌታው ወይም የጣሪያው ወራጅ እንጨት እንጂ ኮርኒሱ አይደለም። ችፑድ ላይ በብሎን የታሰረ ቻንደሊየር ካለ ዛሬውኑ ይውረድ። ይህ ግን የክርክራችንን መሠረት አያናጋውም፤ እንዲያውም ያጠናክረዋል። የማይታየውና የሰውን ሕይወት የሚነካው ክፍል ይለወጣል፤ የሚታየውና የዕቃውን ማንነት የያዘው ክፍል ይቆያል። አምፖሉም በዚሁ መርሕ ይዳኛል። እያንዳንዳቸው 40 ዋት የሆኑ ስምንት የድሮ አምፖሎች 320 ዋት ይበላሉ፣ ሙቀታቸውም ሶኬቱንና ሽቦውን ያደርቃል፤ 4 ዋት የሆኑ ስምንት ኤልኢዲዎች 32 ዋት ብቻ ይወስዳሉ፣ ቀዝቃዛም ናቸው። ነጣ ያለውን ሳይሆን ወርቃማ ብርሃን የሚሰጠውን፣ ከውስጡ ክር መሰል ነገር የሚታየውን ብንመርጥ ክሪስታሉ እንደ ጥንቱ ያብለጨልጫል።

ይህ አስተሳሰብ የመብራት ብቻ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የጥንት አብያተ ክርስቲያናትን እናድሳለን የሚሉ ሰዎች የድንጋዩን ቆዳ ይፍቁት፣ በኋላ ዘመን የተጨመረውንም ያፈርሱት ነበር። ዊልያም ሞሪስ የተባለው ገጣሚና የቤት ጌጥ ንድፍ አውጪ ይህን ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ1877 ጥንታዊ ሕንጻዎችን የሚከላከል ማኅበር ከወዳጆቹ ጋር አቋቋመ፤ ማኅበሩም መፋቅን በመቃወሙ ታወቀ። ሞሪስ ስለ ውበት የማይገደው ሰው አልነበረም፤ የግድግዳ ወረቀቱና ጨርቁ እስከ ዛሬ ይመረታል። የአቋሙ ፍሬ ነገር ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ የተፋቀ ነገር አይመለስም፣ የተጠገነ ግን ነገም ሊጠገን ይችላል። ይህ የዛሬ የሙዚየም ባለሙያዎች መሠረታዊ መርሕ ነው፤ የምታደርገው ነገር ሁሉ ሊቀለበስ የሚችል ይሁን ይላሉ።

በቤታችን ሲተረጎም ምን ማለት ነው? ናስን በሎሚና በአመድ መፈተግ የሚያብረቀርቀው የላይኛውን ብረት ገፍፎ ነው። ከናስ የተሠሩ ብዙ የቆዩ መብራቶች ላያቸው ላይ ስስ መከላከያ ቅብ አላቸው፤ አንዳንዶቹም የወርቅ ቅብ ናቸው። አመዱ መጀመሪያ የሚወስደው ያንን ነው። ከዚያ በኋላ ራቁቱን የቀረው ናስ ከበፊቱ በፈጠነ ጊዜ ይጠቁራል፣ በሚቀጥለው በዓልም እንደገና ይፈተጋል። ብር የተለበጠ ዕቃም እንዲሁ ነው፤ በተፈተገ ቁጥር ብሩ ይሳሳል፣ መጨረሻም ከሥሩ ያለው መዳብ ብቅ ይላል። የእንጨቱ ነገር ይብሳል። በየቤቱ ያሉት የድሮ ቡፌዎችና ሳጥኖች ብዙዎቹ የወንዛ፣ የዝግባ ወይም የጽድ ሥራ ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እነዚህን ሦስቱንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በስም ጠቅሶ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ አያት ያሠሩት የወንዛ ቡፌ ዛሬ ገበያ ወጥተን በቀላሉ የምንተካው አይደለም። እሱን በአሸዋ ወረቀት ልጦ ቡናማ ቀለም መቀባት፣ የአናጢውን የእጅ ምልክትና እንጨቱ በዘመናት ያገኘውን የማር መልክ አብሮ ማጥፋት ነው። ለስላሳ ጨርቅ፣ ጥቂት የንብ ሰም፣ ከቀጥታ ፀሐይ ራቅ ማድረግ፤ ሌላ አይፈልግም።

በፔዳል የሚሠራውን የሲንገር የስፌት መኪናም እንውሰድ። ጥቁሩ ገላ ላይ ያለው የወርቅ አበባ ሥዕል ከላዩ የተቀባው ጎማላካ ነው የሚጠብቀው፤ ለክሪስታሉ ያዘዝነው አልኮል እዚህ ላይ ሥዕሉን ጠራርጎ ይወስደዋል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው ማለት ነው፤ ሁሉን በአንድ ማጽጃ የሚያጸዳ እጅ ለቆየ ቤት አይሆንም። ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹን የምግብ ዘይት መቀባትም አይገባም፤ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። የስፌት መኪና ዘይት ርካሽ ነው። መሶብና አገልግልም ውሃ አይወዱም፤ ስንደዶውና አክርማው የተነከረበት ቀለም ይለቃል፣ ቆዳውም ይደርቃል። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣው የጅማ በርጩማ ደግሞ ከምድጃና ከፀሐይ አጠገብ ከዋለ ይሰነጠቃል።

ሌላው ተቃውሞ ከልብ የሚመነጭ ነው፣ በቀላሉም የሚታለፍ አይደለም። ብዙ ሰዎች አሮጌ ዕቃ ሳሎን ውስጥ ማስቀመጥ ድህነትን ማሳየት ነው ብለው ያስባሉ። ከችግር ወጥተው ቤት ያቆሙ ሰዎች አዲስ ሶፋ፣ አዲስ መብራት ሲገዙ ለልፋታቸው ምስክር እየፈለጉ ነው፤ ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም። ነገር ግን አሮጌ ዕቃ የድህነት ምልክት ነው የሚለው እምነት ከራሳችን አገር ማስረጃ ጋር ይጋጫል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሠፈረችውን ሐረር ጁገልን እንይ። በባህላዊው የሐረሪ ቤት ሳሎን ከፍታቸው የተለያየ መደቦች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ግድግዳው ውስጥ ጎድጎድ ተደርገው የተሠሩ መደርደሪያዎች አሉ። ከላይ እስከ ታች ደግሞ የሴቶች የስፌት ሥራዎች፣ ከባሕር ማዶ በንግድ የመጡ ቀለም የተለበጡ ትሪዎችና ጎድጓዳ ሳህኖች፣ የእንጨት ገበታዎች በሥርዓት ተሰቅለዋል። ከእናት ለልጅ የተላለፈውና ለሠርግ የተሰጠው አብረው ይታያሉ። በዚያ ቤት የባለቤቷ ክብር የሚለካው ምን ያህሉን ጠብቃ እንዳቆየች፣ እንዴትም እንደሰደረችው ነው። እዚያ ቤት ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሀብት ማስረጃ ነው።

የሐረሪ ቤት ሁለተኛ ትምህርትም አለው፤ የቤት ማስዋብ ባለሙያዎች ብዙ ገጽ የሚጽፉበት ነገር እዚያ ተሠርቶ ተቀምጧል። ዕቃዎቹ ብዙ ቢሆኑም ቤቱ አይጨናነቅም፤ ምክንያቱም ወለሉ ባዶ ነው፣ ሁሉም ነገር የራሱ ቦታ አለው፣ ተመሳሳይ ነገሮችም አንድ ላይ ይሰቀላሉ። በእኛ ቤት የሚያጨናንቀን የዕቃው ማርጀት ሳይሆን መበታተኑ ነው። ሦስት የድሮ ጀበናዎች በሦስት ማዕዘን ቢቀመጡ ዝርክርክ ይመስላሉ፤ አንድ መደርደሪያ ላይ ቢሰደሩ ዓይን ይይዛሉ።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ደግሞ ይህ ሁሉ ለቪላ ነው፣ እኛ ጣሪያችን ዝቅተኛ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ሰው በሚመላለስበት ቦታ ላይ የቻንደሊየሩ ግርጌ ከወለሉ ቢያንስ 2 ሜትር ከ10 መራቅ አለበት፣ ይህም በዝቅተኛ ጣሪያ አይገኝም። ግን ሰው የማያልፍበት ቦታ አለ፤ የምግብ ጠረጴዛ። ከጠረጴዛው ገጽ ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ ትንሽ ቻንደሊየር ለጠባብ ቤት ከትልቁ የበለጠ ያምራል። ስፋቱን ለመገመት የክፍሉን ርዝመትና ወርድ በሜትር ደምሮ በ8 ማባዛት ነው፤ 4 በ5 ለሆነ ሳሎን 70 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ከዚያ በላይ የሆነው ክፍሉን ይውጠዋል። የቤቱ ስፋት ምንም ይሁን ምን ደግሞ ከአንድ ትልቅ የቆየ ዕቃ በላይ በአንድ ክፍል ውስጥ ባይወዳደር ይሻላል። ወይ ቻንደሊየሩ፣ ወይ ቡፌው ይንገሥ።

ስለ ግዢ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የቆየ ሁሉ ለሳሎን አይደለም። የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ሥዕለ አድኅኖና ንዋየ ቅድሳት ቦታቸው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሻጩ ከየት እንዳመጣው በግልጽ ካልተናገረ ከተሰረቀበት ደብር የመጣ ሊሆን ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። በውጭ አገር የምትኖሩ አድማጮቻችን ለቤታችሁ ማስታወሻ የሚሆን ነገር ስትገዙ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በአዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት የድሮ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ቤተሰብም ከቪላ ወደ አፓርታማ ሲዛወር፣ ብዙ የቆዩ ዕቃዎች በየሜዳው ወጥተዋል። ከእነሱ መካከል በክብደቱ ተመዝኖ ለቁራሌ የሚሄድ የናስ መብራት አለ፣ በምናለሽ ተራ ገበያ ለማገዶና ለቁርጥራጭ የሚገዛ የወንዛ እንጨት አለ። ናሱ በኪሎ የሚያወጣው ዋጋ ጥቂት ነው፤ አንዴ ከቀለጠ ግን መልሶ የሚሠራው የለም። ስለዚህ አድማጮቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ዕቃውን ከመሸጣችሁ ወይም ከመጣላችሁ በፊት አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያና አንድ አናጢ አሳዩት፤ ሽቦ መለወጥና እግር መጠገን ብቻ የሚፈልግ ሊሆን ይችላል። ከቻንደሊየራችሁ የወደቀች ጠብታ ካለች፣ ብትሰበርም እንኳ፣ በፖስታ አድርጋችሁ አስቀምጧት፤ ምትክ ስትፈልጉ ሻጩ መጠኗንና የአቆራረጧን ዓይነት የሚያውቀው ከእሷ ነው። ለቀጣዩ በዓል መሰላሉን ስታወጡም ብሬከሩን ሳታወርዱ አትውጡ።